መቶ አሥራ አራተኛው አጀባ

ቶሮንቶ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ንሥር መጽሐፍ ሊወጣላት ነው! የእርስዎ መርከብ፣ የወንድሜ የእሸቱ መርከብ፣ ታሪኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጽፎ ሊታተም ነው፤ ያውም እዚሁ ቶሮንቶ፣ ያውም እኔ በማውቀው ሰው እጅ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አጎቴ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ዘልዬ ገባሁ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ደረጃውን ይወጣል? ኤፍራታ ደህና ናት? እኛ ከብርዱና ከጉሮሮዬ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልደውልልዎ ነበር፤ ግን ያ መድፍ ጆሮዎን ከበላው ወዲህ እኔ ስልክ ላይ ስጮህ የሚሰማኝ የቢልዲንጉ ጎረቤት እንጂ እርስዎ አይደሉም። ባለፈው ጊዜ ሴኪዩሪቲው በር አንኳኩቶ ሰላም መሆኔን ጠየቀኝ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በእጄ ጽፌ፣ ልጄ ሆሣዕና ፎቶ አንስታ በልጅዎ በኤፍራታ ቴሌግራም ልካዋለች።

ወሬው እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ ከቸርች በኋላ አዳራሹ ውስጥ አቶ ዮናታን የሚባሉ ሰው ተነሡ። እዚህ ስኩል ባስ ነው የሚነዱት፤ ለካ በድሮ ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንን ኖረዋል። ንሥር ከአሰብ ለመጨረሻ ጊዜ ከወጣች ዘንድሮ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው አሉ፤ ያጀበቻቸውን መርከቦች፣ የተዋጋችበትን ቀን፣ የሠራተኞቿን ስም በሙሉ አንድ መጽሐፍ ላይ ሰብስበዋል። እኔ እንደሚያውቁኝ ዝም ማለት አልችልም፤ እጄን አወጣሁና ወንድሜ የሞተር ክፍል መካኒክ ነበር፣ አጎቴም የኋላው መድፍ ተኳሽ ነበሩ አልኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ስኒከሬን እንኳ ቀይሬ አልመጣሁም ነበር።

ከዚያ አቶ ዮናታን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? መጽሐፉ በሚመረቅበት ቀን የሠራተኞቹን ስም እኔ እንዳነብ ጠየቁኝ። ድምፅሽ ማይክ አያስፈልገውም አሉኝ።

አጎቴ፣ የልቤን ልንገርዎ። በየካቲት 1982 ከአሰብ መጥተው እሸቱ ከመርከብ ወርዶ የመን ገብቷል፣ ደህና ነው ሲሉን አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም። እናቴ ብርሃነሽ ዛሬ ይጽፋል፣ ነገ ይጽፋል እያለች ዓይኗ በር ላይ እንደተሰቀለ ነው ያለፈችው። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ? መጽሐፍ አገር ለአገር ይዞራል። የመን ይሁን ሳዑዲ፣ የገባበት ገብቶ ስሙን ቢያይ አይደውልም? ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ።

የባሕር ኃይል ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ እርስዎ ዘንድ ነው፤ ይላኩልኝ። ስለ መርከቧም ይጻፉልኝ፣ ሰው ፊት ቆሜ ሳነብ እንዳላፍር። እንደ ልማድዎ በሰው ስም ሥር በማስመሪያ ሁለት ሁለት መስመር ያስምሩና ሳይታክቱ ይጻፉ።

የእህትዎ ልጅ ቆንጂት


ናዝሬት፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቆንጂት፤

በጋውን ከክረምት፣ የብሱን ከባሕር የለየ ጌታ ካለሽበት የበረዶ አገር ይጠብቅሽ። ሆሣዕናን በዕውቀት ያሳድግልሽ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ኤፍራታም እጅ ትነሣለች።

የላክሽው ወሬ ደርሶኛል። ስለ መርከቧ ጠይቀሽኛል፤ ልንገርሽ። ንሥር አጃቢ መርከብ ነበረች። አጃቢ ማለት እንደ ሚዜ ነው፤ ሙሽራው ሲበላ ትቆማለች፣ ጠብ ሲነሣ ግን የመጀመሪያው ጥፊ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሁለት መድፍ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ነበራት፤ የኋላው የእኔ ነው። ዱቄት የጫነ፣ ነዳጅ የጫነ፣ ወታደር የጫነ መርከብ ከአሰብ ምጽዋ ሲመላለስ ጎኑን ይዘን እንሄዳለን። ሙቀቱ ብረቱን ያግላል፤ በባዶ እጅ የነካ ቆዳውን ትቶ ይመለሳል። ከታች ያሉት የሞተር ልጆች ደግሞ ከእኛ ይብሱ ነበር።

መቶ አሥራ አራት ጊዜ አጅባ አንድም መርከብ አላስበላችም። ይህን ቁጥር በደረቴ ይዤዋለሁ፤ ሌላ የሚልሽ ካለ አትመኚው።

ዮናታንን አውቀዋለሁ። ወደ መጨረሻው፣ በ1983 የመጣ መኮንን ነው፤ ጨዋ ልጅ ነበር። ፎቶውን ግን እርጥበት በልቶታል፤ ኤፍራታ ሳጥኑን ገልብጣ አላገኘችውም። ስም ማንበቡንም ለሌላ ሰው ብትተዪው ይሻላል። አንቺ ሥራ ይበዛብሻል፣ ጉሮሮሽንም ብርድ ይዞታል ብለሽ ነበር። የቆየ ነገር ደግሞ ቆይቶ ነው የሚያምር።

ከቻልሽ ለጆሮዬ መሣሪያ አሥራ ሦስት ቁጥር ባትሪ ላኪልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል።

አጎትሽ ሽፈራው


ቶሮንቶ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሽፈራው፤

እንደምን አሉ፣ እኔ ደህና አይደለሁም። ባትሪውን ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው ይዞልዎታል፤ ሁለት ካርድ ነው። እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ፣ ጉሮሮዬ ድኗል።

የመጽሐፉ ረቂቅ ደረሰኝ። ከሥራ ስመለስ ባስ ውስጥ ከፈትኩት። አንዱን ገጽ ከአንዱ እያስከተልኩ የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩ፣ ቀጣዩንም አለፍኩ። ደስታዬን ባዩት። ከዚያ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደረስኩ። እንዳለ ልገልብጥልዎ፤ «እሸቱ ካሣሁን፣ የሞተር ክፍል መካኒክ። የካቲት 1982 አሰብ ወደብ ላይ ከድቷል።» አለቀ። ወጥ ሲያሳርር የኖረው ወጥ ቤት እንኳ ሦስት መስመር ተጽፎለታል፣ ሽንኩርት አከታተፉ ሳይቀር። የእኔ ወንድም «ከድቷል»።

ልጁ ነፍሱን አድኖ የመን ወረደ ሲሉን ሌላ ነገር ነበር። ያን ቃል ይዘን እናቴ ስትጸልይ፣ እኔ ስጠብቅ ኖርን። እዚህ ግን ጥቁር በነጭ ሆኖ ሳየው ደሜ ፈላ። አጎቴ፣ ያኔ የቀበሌው ሊቀመንበር በራችን ላይ ቆሞ «የከዳተኛ ቤት ይሄ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቴ ምን እንደመለሰች ያስታውሳሉ? «የልጄ ቤት ነው» አለችው። እርስዎ ያኔ ግድግዳው አጠገብ ቆመው ነበር፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርተው ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ አቶ ዮናታንን አዳራሹ ውስጥ ያዝኳቸው። ይህን ቃል በገዛ አፌ፣ በሰው ፊት፣ ልጄ ሆሣዕና ተቀምጣ እያየችኝ እንዳነብ ነው የጋበዙኝ ወይ አልኳቸው። እሳቸው ቀዝቀዝ ብለው፣ «እህቴ፣ ታሪክ የሚጻፈው በምስክር ነው፣ በእህት ዕንባ አይደለም» አሉኝ።

«የምን ዕንባ?» አልኳቸው። «እኔ እኮ ገና መቆጣት ልጀምር ነው።»

ሰው ሁሉ ከሻይው ቀና አለ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ያን ቀን መርከቧ ላይ የነበረ ሰው ያየውን ጽፎ ከፈረመ ይስተካከላል፣ ካልሆነ እንዳለ ይታተማል። ሰው ማለት እርስዎ ነዎት። ሌላ ማን አለኝ?

እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔ ራሴ ማመን ያቆምኩት አሁን ነው። ጫማዬን ሳይጠግንልኝ ትምህርት ቤት የማያሰናብተኝ ልጅ፣ መርከብ ሙሉ ሰው ጥሎ ይሄዳል? ሄደ እንበል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለእናቱ አይጽፍም?

አንድ ነገር ደግሞ። መጽሐፉ ንሥር ያጀበችው መቶ አሥራ ሦስት ጊዜ ነው ይላል። እርስዎ መቶ አሥራ አራት ብለውኛል። አንዷን ማን በላት?

ምስክርነትዎን በቶሎ እጠብቃለሁ።

ቆንጂት


ቶሮንቶ፣ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ዛሬ ሰላምታ የለም።

ኤፍራታ ደብዳቤዬን በደረሰ ማግስት እንዳነበቡት ነግራኛለች። ባትሪውም ደርሷል። አንድ ወር ሊሞላ ነው፣ ከእርስዎ ግን ጭጭ።

ትናንት ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር አቶ ዮናታን ቤት ሄድኩ። «ወንድሜን ከድቷል ያለው ማነው? ስሙን ይንገሩኝ» አልኩ። መረጃውን የሰጣቸው በጣም የሚያከብሩት ሰው እንደሆነና ስሙ እንዳይነሣ እንደለመናቸው ነገሩኝ። ስሙን አልነግርሽም፣ ወረቀቱን ግን እዪ ብለው ላፕቶፑን አዞሩልኝ። ሦስት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ።

በሰው ስም ሥር ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ሁለት ሁለት መስመር ነበር።

አጎቴ፣ ይህን እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። እሸቱ በሚለው ስም ሥርም ሁለቱ መስመሮች ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ሳይንቀጠቀጡ የተሰመሩ። ከፊት ለፊቱ «ከድቷል»። ለአቶ ዮናታን ምንም አልነገርኳቸውም። ሻዬን ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ይኼ ነው፤ ይጻፉት።

ቤቴ ገብቼ ግን ከረቂቁ የገለበጥኩትን የጉዞ ዝርዝር አንድ በአንድ ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሦስት። ጥር 1982 አለ፣ መጋቢት 1982 አለ። የካቲት የለም። መቶ አሥራ አራተኛዋ ጉዞና ወንድሜ በአንድ ወር አብረው የጠፉት እንዴት ነው?

ያቺን የካቲት ያምጡልኝ። ከዚህ በኋላ ሰላም ብዬ የምጽፍልዎ ከእርሷ ጋር ብቻ ነው።

ቆንጂት


ናዝሬት፣ መጋቢት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቆንጂት፤

የመከራን ቀን የሚያሳልፍ አምላክ አይለይሽ።

ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም ለአንቺ አልላክሁም። ኤፍራታ የፓስተራችሁን ባለቤት የእሌኒን ስልክ አግኝታ ለእሷ ነው የላከችው። ሥራ በማትገቢበት ቀን፣ በጠዋት፣ ሰው ይዘው እንዲሰጡሽ ለምኛቸዋለሁ። እንግዲህ ይህን ስታነቢ ዙሪያሽን ሰው አለ። ገብቶሻል።

የካቲት 6 ቀን 1982 ነው። ከዳህላክ አንድ የጭነት መርከብ ቁስለኛና የባሕረኛ ቤተሰብ ይዛ ወጣች፤ ከአራት መቶ በላይ ነፍስ፣ ግማሹ ሕፃን። አጃቢዋ እኛ ብቻ ነን። ጎሕ ሲቀድ ሦስት ፈጣን ጀልባዎች መጡብን። እኔ መድፌ ላይ ነበርኩ። ሁለቱን መለስናቸው። ሦስተኛው ጎናችንን፣ ከውኃው መስመር ዝቅ ብሎ፣ ሞተር ክፍሉ ጋ መታን።

ውኃ ገባ። እንፋሎቱ ፈነዳ። አለቃቸው ሁሉም እንዲወጡ አዘዘ፣ ወጡ። እሸቱ በሩ ላይ ቆሞ «ፓምፑ ከቆመ ሞተሩ ይቆማል፣ ሞተሩ ከቆመ እነዚያን ማን ያደርሳቸዋል?» አለና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ይህን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ጆሮ ነበረኝ። እየሠራ መሆኑን እንድናውቅ ቧንቧውን በመፍቻ ይመታ ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ዝም፤ ሁለት ጊዜ፣ ዝም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሄድን። የአሰብ መብራት ሲታይ ምቱ ቆመ። ፓምፑ ግን አልቆመም። የጭነት መርከቧ ወደቡን ከያዘች በኋላ በሩን በብረት ቆርጠን ገባን። እጁ ቫልቩ ላይ ነበር።

አሰብ አሸዋው ላይ ቀበርኩት። መስቀሉን ከሣጥን እንጨት የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ሄዶ ማየት የማይቻልበት ቦታ ሆነ።

የሞቱን ወረቀት ለቤተሰቡ አድርስ ብለው የሰጡት ለእኔ ነው። ናዝሬት ስደርስ እናትሽ በልብ ሕመም ወድቃ አገኘኋት። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ትጠንክርና መርዶው በወግ ይነገራል አሉ። ለሳምንት ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ገልጣ ልጄስ አለችኝ። አፌ የመን ወርዷል፣ ደህና ነው አለ። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ቆመች። ያቆማት ውሸቴ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልንጠቃት? ደግሞም ባሕር ኃይል ግባ ብዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። መርዶ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚያመጣው ሰው ራሱ ገዳይ ይመስላል።

ዮናታን ሲጠይቀኝ ያቺን ጉዞ ዘለልኳት። ለመጽሐፉ የጻፍኩት እናትሽ ፊት የተናገርኩትን ነው፤ ውሸቴ እንዳያፍር ብዬ ልጁን አሳፈርኩት። መስመሩ አልተንቀጠቀጠም ብለሻል። ማስመሪያ ስለያዝኩ ነው፣ እጄ ሌላ ነበር።

የሞቱን ወረቀትና የፈረምኩትን ምስክርነት ፎቶ አያይዣለሁ። የልብስ ፎቶውም ተገኝቷል፤ ከመጀመሪያም አልጠፋም ነበር። የምጠይቅሽ ነገር የለም። ባትሪውን አልከፈትኩትም፤ ከዚህ በኋላ ብዙም መስማት አልፈልግም።

ሽፈራው


ቶሮንቶ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሽፈራው፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የካቲትን አምጥተዋል፣ እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ፤ እንደምን ሰነበቱ።

አንድ ወር ዝም ያልኩት እርስዎን ለመቅጣት ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። የእሳት አላርም ነው ብዬ በፒጃማ ብከፍት፣ እሌኒ ከአምስት ሴቶች ጋር ቆማለች፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት ስድስት ሴት ለሌላ ነገር አይመጣም። ደብዳቤውን ከመቀበሌ በፊት አወቅኩ። መጀመሪያ የወጣኝ ምን መሰለዎ? ሳቅ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ዘግይተው፣ ወጉን ግን አንድ ሳያጓድሉ። ከዚያ ጮኽኩ። ሴኪዩሪቲው ዛሬም መጣ፤ እሌኒ በእንግሊዝኛ ወንድሟ ሞቶ ነው ስትለው መቼ ብሎ ጠየቃት፣ ምን ትበለው?

አሁን ይስሙኝ፣ ባትሪውን ሳይከፍቱ እንኳ ይስሙኝ። እናቴ ከየመን ሰው መጣ በተባለ ቁጥር፣ ደብረ ዘይት ይሁን ዝዋይ፣ ፎቶውን በመሀረብ ጠቅልላ ይህን ልጅ አይታችኋል ስትል ኖራለች። አንዳንዱ ሊያስደስታት አዎ ይላታል፣ በዚያ ዓመት ትሰነብታለች። እርስዎ ይህን እያዩ ከጎኗ ቡና ጠጥተዋል። ልጇ አራት መቶ ሰው እንዳደረሰ ሳታውቅ ሞተች። ሐዘን ቢገድላት እንኳ ኩራቷን ይዛ በሞተች ነበር፤ ያን መምረጥ የእሷ ነበር፣ የእርስዎ አልነበረም። እኔስ? ስንት ዓመት ነው ያልጻፈልኝን ወንድም የተቀየምኩት? ሆሣዕናን አጎትሽ ጥሎን የሄደ ሰው ነው ብዬ ነው ያሳደግኋት። ያን ሁሉ ቂም ያለ ባለቤቱ ተሸክሜው ኖርኩ። ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም፤ እሱ መንገድ ላይ ነው፣ በበረዶ ቀን እንደሚጠበቅ ባስ መምጣቱ አይቀርም።

ግን አጎቴ፣ ወንድሜ አልከዳም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደምለው አይጠይቁኝ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ገላቸውን የማጥባቸው የመቶ ዓመት ሴትዮ ሳይቀሩ ሰምተዋል።

ወረቀቱን ለአቶ ዮናታን ወሰድኩላቸው። ቆመው ነው ያነበቡት። ሲጨርሱ በ1983 መርከቧ ላይ ሲወጡ ሞተር ክፍል ውስጥ በምት ብዛት የጎደጎደ አንድ ቧንቧ እንደነበር ነገሩኝ። ሁሉም ቦታ ሲቀባ እሱን ማንም አይቀባውም ነበር፤ ለምን ብለው ሲጠይቁ ባሕረኞቹ ወሬ ይቀይራሉ። «እኔ ስንፍና መስሎኝ ሁለት ሰው ቀጥቼበታለሁ» አሉ። ከዚያ እዚያው ፊቴ ማተሚያ ቤት ደውለው አስቆሙት። ገጽ ሠላሳ አንድ ወጥቷል። በፋንታው ሙሉ ገጽ ገብቷል፣ ከነፎቶው። ጉዞውም መቶ አሥራ አራት ሆኗል። ወጥ ቤቱ ሦስት መስመሩን ይዞ ይቀመጥ፣ አልተቀየምኩትም።

የእርስዎ ስምም በምስክርነቱ ሥር ይወጣል። እንዳይወጣ ቢለምኑ አልሰማም፤ አሁን ደግሞ የእኔ ጆሮ ነው የደነቆረው።

ስም ማንበቡን ለሌላ ተይው ብለውኝ ነበር፣ እሺ ብያለሁ። ሌላውን ሁሉ እኔ አነባለሁ፣ የእሸቱን ስም ግን የሚጠሩት እርስዎ ነዎት፤ ከናዝሬት፣ በኤፍራታ ስልክ፣ እዚህ ግድግዳው ላይ በትልቁ እየታዩ። ከድቷል ብሎ የጻፈው ሰው ቆሞ፣ እንደ ባሕረኛ ስም ጥሪ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጥራው። አቤት የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያን ባትሪ ይክፈቱ፤ አቤት ስል ሊሰሙኝ ይገባል። ሆሣዕና እንኳ ቃሉን እየተለማመደች ነው፤ አብሬሽ እላለሁ ብላኛለች።

እዚህ ዳቦው ታዟል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ እሌኒ ሰው እየጠራች ነው። ለቅሶውን ጨርሰናል፤ ይኼ ድግስ ነው። እዚያም ዘመድ በሙሉ እርስዎ ቤት ይሰብሰብ፤ ያን ጊዜ ትንሽ ትጠንክር ያሉት ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ እነሱም ይምጡ፣ ከፊት ይቀመጡ። የቀበሌው ሊቀመንበርም ካለ ይጥሩልኝ፣ የማን ቤት እንደሆነ ይስማ። ያመመው ተደግፎ፣ የተቀየመ ቂሙን ይዞም ቢሆን ይምጣ። መጽሐፉ የሚመረቀው ቅዳሜ፣ ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በእናንተ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።

የእህትዎ ልጅ ቆንጂት